ማንም ሳይረጨው የሚያልቀው አባጨጓሬ፦ ስለ ጫካ የእሳት እራትና ስለ በሽታው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የምንኖር ሰዎች በየተወሰነ ዓመቱ የምናየው ነገር አለ። ሜይ ላይ ለምለም የነበረ ጫካ ጁን መጨረሻ ላይ ቅጠሉን ጨርሶ ይቆማል። አባጨጓሬ በረንዳው ላይ፣ መኪናው ላይ፣ የልጆቹ ዥዋዥዌ ላይ ይርመሰመሳል። ዛፍ ሥር ቆም ብላችሁ ስታዳምጡ የሚያካፋ ይመስላችኋል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ከላይ የሚንጠባጠበው የአባጨጓሬ ኩስና የቅጠል ቁርጥራጭ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ትወጣላችሁ፣ ሁሉም ግንድ ላይ ተንጠልጥሎ ሞቷል።

"ማን ረጨው?" ይሉኛል ሰዎች። ማንም አልረጨውም። በሽታ ገብቶበት ነው፤ ወይ ቫይረስ፣ ወይ ፈንገስ። ይህን ነገር ለዓመታት በቅርብ ስከታተል ቆይቻለሁ፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምጠየቀውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ አባጨጓሬ ምንድን ነው? ከየትስ መጣ?

በእንግሊዝኛ ስፖንጂ ሞዝ ይሉታል። የእሳት እራት ዝርያ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በራሷ የሆድ ፀጉር ስለምትሸፍነው ክምሩ ቡናማ ስፖንጅ ይመስላል፣ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ድሮ የሚጠራበት ስም ሮማ የሚባለውን ሕዝብ (የሮም ከተማ ሰዎችን ማለት አይደለም) የሚያዋርድ ስለነበር የአሜሪካ የነፍሳት ጥናት ማኅበር 2022 ላይ በዚህኛው ተካው።

አገሩ አውሮፓና እስያ ነው። ወደ አሜሪካ ያመጣው ኤቲየን ሊዮፖልድ ትሩቬሎ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ በ1860ዎቹ መጨረሻ ላይ ከቦስተን አጠገብ ሜድፎርድ በሚገኘው ቤቱ ሐር የሚሠሩ ትሎችን ያረባ ነበር። ከእነዚህ የተወሰኑት አመለጡት። መጀመሪያ ብዙ ሰው ልብ አላለውም፤ 1889 ላይ ግን የሜድፎርድ ዛፍ፣ አጥርና የቤት ግድግዳ ሁሉ አባጨጓሬ ለበሰ። ስቴቱ አሥር ዓመት ያህል ለማጥፋት ታግሎ 1900 ላይ ተወው። ትሩቬሎ ራሱ ወደ ሥነ ፈለክ ዞሮ በሠራቸው የፀሐይና የፕላኔቶች ሥዕሎች ታወቀ። አባጨጓሬው ግን እስከ ዛሬ እዚሁ አለ።

ለምን አንዳንድ ዓመት ይፈላል፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ፈልጋችሁም አታገኙትም?

አንዲት እናት ከ500 እስከ 1000 እንቁላል ትጥላለች። በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ነው ያለው። እንቁላሉ ኤፕሪል መጨረሻና ሜይ ላይ ይፈለፈላል፣ አባጨጓሬው እስከ ጁን መጨረሻ ይበላል፣ ከዚያ ራሱን ጠቅልሎ ፑፓ ይሆንና ጁላይ ላይ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። ክንፍ ካወጣ በኋላ ምግብ አይቀምስም፤ ተራክቦ፣ እንቁላል ጥሎ ይሞታል።

ሂሳቡን ስታስቡት የሚያስገርመው መብዛቱ ሳይሆን በየዓመቱ አለመብዛቱ ነው። ከእንቁላሉ ጥቂቱ ብቻ ከወትሮው ትንሽ በዝቶ ቢተርፍ በሦስት አራት ዓመት ጫካው ይጥለቀለቃል። እዚያ ሲደርስ የሚያቆመው በሽታ ነው። በሽታ መጨናነቅን ይወዳል። አንድ ዛፍ ላይ አሥር አባጨጓሬ ካለ አንዱ ቢታመም ሌላው የታመመውን ሬሳ የማግኘት ዕድሉ ትንሽ ነው። አንድ ዛፍ ላይ አሥር ሺህ ካለ ግን የሚበሉት ቅጠል ሁሉ በሬሳ የተበከለ ይሆናል። የከተማ ሰው ጉንፋን እንደሚተላለፈው በሉት።

ሮይ አንደርሰንና ሮበርት ሜይ የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች 1980 ላይ ይህን በሂሳብ አሳይተዋል። በሽታ ብቻውን የጫካ ነፍሳትን ቁጥር በየጥቂት ዓመቱ ከፍና ዝቅ ሊያደርግ ይችላል አሉ። ሐሳቡ ሙሉ መልስ አልሆነም፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ግን መሠረቱ ዛሬም እሱ ነው።

ቫይረሱ አባጨጓሬውን የሚገድለው እንዴት ነው?

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው።

ቫይረሱ ብቻውን አይጓዝም። በፕሮቲን በተሠራ ጠንካራ ክሪስታል ውስጥ ታሽጎ ቅጠል ላይ ይቀመጣል። አባጨጓሬው ቅጠሉን ሲበላ ያንን አብሮ ይውጠዋል። የእኛ ጨጓራ አሲድ ነው፤ የአባጨጓሬ አንጀት ግን ተቃራኒው፣ እንደ ሳሙና ውሃ ያለ ነው። ክሪስታሉ እዚያ ሲደርስ ይሟሟል፣ ቫይረሶቹ ይለቀቃሉ፣ መጀመሪያ የአንጀቱን ግድግዳ ይይዙና ከዚያ ወደ መላ ሰውነቱ ይዛመታሉ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አባጨጓሬው ከቆዳው በስተቀር ከውስጥ ፈሳሽ ይሆናል። ቆዳው ይቀደዳል፣ ፈሳሹ በቅጠሉና በግንዱ ላይ ይወርዳል። አንድ ትልቅ አባጨጓሬ ሲሞት ከውስጡ የሚወጣው ክሪስታል በቢሊዮን ይቆጠራል። ቀጣዩ አባጨጓሬ ያንን ቅጠል ይበላል፣ ነገሩ እንደገና ይጀምራል።

ሁሉም እኩል አይታመሙም። ትንንሾቹ በጥቂት ክሪስታል ይሞታሉ፤ ያደጉት ብዙ ያስፈልጋቸዋል። የሚበሉት ቅጠልም ለውጥ ያመጣል። ጠንካራ ሻይ ስንጠጣ አፋችንን የሚያጣብቀን ታኒን ኦክ በሚባለው ዛፍ ቅጠል ውስጥ በብዛት አለ፤ ታኒን ያለበት ቅጠል የበላ አባጨጓሬ በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል። እንግዲህ አስቡት፣ ዛፉ ራሱን ለመከላከል የሠራው ነገር ለጠላቱም መድኃኒት ይሆንለታል። አንዳንድ አባጨጓሬዎች ደግሞ የታመመ ሬሳ ያለበትን ቅጠል ለይተው ይሸሻሉ፤ ይህ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚወረስ ጥናት አሳይቷል።

ቫይረሱ አባጨጓሬውን ዛፍ አናት ላይ ያስወጣዋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ጤነኛው አባጨጓሬ ካደገ በኋላ ሌሊት ይበላና ቀን ላይ ከወፍ ለመደበቅ ወደ ታች ወርዶ ቅርፊት ሥር ይገባል። የታመመው ግን አይወርድም፣ ላይ ይቀርና እዚያው ይሞታል። ከላይ የሞተ ፈሳሹ በታች ባለው ቅጠል ሁሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ለቫይረሱ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

2011 ላይ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ኬሊ ሁቨርና ባልደረቦቿ ለዚህ ተጠያቂ የሆነውን የቫይረሱን አንድ ጂን ለዩ። ጂኑ የአባጨጓሬውን ቆዳ የመቀየር ሆርሞን ያመክናል። ጂኑ የወጣለት ቫይረስ የያዛቸው አባጨጓሬዎች እንደ ሌሎቹ ከፍ ብለው አልሞቱም። አንድ ጂን ብቻ፣ የአንድን ፍጡር ጠባይ እንዲህ ሲቀይር ማየት እኔን ሁሌም ያስደንቀኛል። ጀርመኖች በሌላ የጫካ የእሳት እራት ላይ ይህንኑ ነገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አስተውለው "የዛፍ ጫፍ በሽታ" ብለውት ነበር፤ ምክንያቱ የታወቀው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አባጨጓሬው በሌለበት ክረምት ቫይረሱ የት ይቆያል?

ቅጠል ላይ ብዙ አይቆይም፣ ፀሐይ በጥቂት ቀን ታመክነዋለች። ቅርፊት ላይ፣ አፈር ውስጥና ጥላ ያለበት ቦታ ግን ይተርፋል። እናቲቱ በተበከለ ቅርፊት ላይ እንቁላሏን ስትጥል ክምሩም ይበከላል። ጫጩቱ በፀደይ ሲፈለፈል የእንቁላሉን ቅርፊት አኝኮ ነው የሚወጣው፣ በመጀመሪያው ጉርሻ ቫይረሱን ይውጣል።

በዚህ ምክንያት ሞቱ በሁለት ዙር ነው የሚመጣው። ገና የተፈለፈሉት መጀመሪያ ይሞታሉ፣ ይህን ማንም አያየውም ምክንያቱም በጣም ትንንሽ ናቸው። የእነሱ ሬሳ ቅጠሉን ይበክልና ጁን ላይ ትልልቆቹን ይጨርሳል። እኛ የምናየው ሁለተኛውን ነው።

ፈንገሱስ? እሱም በሽታ ነው አይደል?

አዎ፣ ላለፉት 30 ዓመታት ደግሞ ዋናው ገዳይ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኢንቶሞፋጋ ማይማይጋ ነው፣ አገሩ ጃፓን። 1910 እና 1911 ላይ አሜሪካውያን ከጃፓን አምጥተው ቦስተን አካባቢ ሊያላምዱት ሞክረው ምንም ውጤት ሳያዩ ቀሩ። ከዚያ 1989 ላይ፣ ከ80 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሰሜን ምሥራቅ በርካታ ስቴቶች አባጨጓሬው በጅምላ ሞቶ ተገኘ። ሲመረመር ያ ፈንገስ ሆነ። ያ የድሮው ነው ወይስ በኋላ በአጋጣሚ የገባ የሚለው ተመራማሪዎችን ብዙ አከራክሯል።

ፈንገሱ ከቫይረሱ የሚለይበት ነገር አለ። መበላት አያስፈልገውም፣ ስፖሩ (እንደ ዘር የሚበተነው የፈንገሱ ብናኝ) ቆዳው ላይ ካረፈ ሰርስሮ ይገባል። በአንድ ሳምንት ገደማ ይገድላል። ከሬሳው ላይ በነፋስ የሚጓዝ ስፖር ስለሚለቅ ሩቅ ይደርሳል፣ ስለዚህ አባጨጓሬው ጥቂት በሆነበት ጫካም ሊገድል ይችላል። ሌላ ዓይነት ስፖርም አለው፣ ወፍራም ልባስ ያለው፣ ዛፉ ሥር አፈር ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ተኝቶ የሚጠብቅ።

አንድ ድክመት ግን አለው፤ እርጥበት ይፈልጋል። ሜይና ጁን ዝናባማ ከሆኑ ይሠራል፣ ደረቅ ከሆኑ ይተኛል። ማሳቹሴትስ ላይ ከ2014 እስከ 2016 የነበረው ደረቅ ጊዜ ይህን በደንብ አሳይቶናል። ፈንገሱ ስላልሠራ አባጨጓሬው በየዓመቱ እየጨመረ ሄደ። 2017 ላይ ዝናቡ መጣ፣ ፈንገሱም ተነሳ። ግን አባጨጓሬው አብዛኛውን ቅጠል እስኪበላ ድረስ አልደረሰለትም፤ በዚያ ዓመት እዚያው ስቴት ውስጥ ብቻ ከ900 ሺህ ኤከር በላይ ጫካ ተጎድቷል። ጁን መጨረሻ ላይ የሄድኩበት አንድ ጫካ ውስጥ ግንዱ ሁሉ ከላይ እስከ ታች በደረቀ ሬሳ ተሸፍኖ ነበር፣ ሽታው ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

ሬሳውን አይቼ የትኛው በሽታ እንደገደለው ማወቅ እችላለሁ?

ብዙ ጊዜ ይቻላል። ቫይረስ የገደለው በመሐል እግሮቹ ተይዞ ሁለቱም ጫፉ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ የተገለበጠ "ቪ" ይመስላል። ለስላሳ ነው፣ ቢነካ ይፈርጣል፣ ይሸታል። ፈንገስ የገደለው ደግሞ ራሱን ወደ ታች አድርጎ ቀጥ ብሎ ግንዱ ላይ ይጣበቃል፣ ሲቆይ ደርቆ ይኮማተራል። አንዳንዱ ሁለቱም በሽታ ይይዘዋል፣ ያኔ በዓይን መለየት ያስቸግራል።

በሽታው ይህን ያህል ጎበዝ ከሆነ ለምን አባጨጓሬው ተመልሶ ይመጣል?

በሽታው ራሱ የሚኖረው በአባጨጓሬው ነው። ሲጨርሰው እሱም የሚይዘው ያጣል። የተረፉት ጥቂቶች ንጹሕ በሆነ ጫካ ውስጥ እንደገና ይጀምራሉ።

ታዲያ ወዲያው ለምን አይበዙም? እዚህ ጋ አይጥ ትገባለች። ነጭ እግር ያላት የጫካ አይጥ ፑፓውን ትበላለች። አባጨጓሬው ጥቂት ሲሆን አይጧ ብቻዋን ቁጥሩን ዝቅ አድርጋ ልትይዘው ትችላለች፤ ብዙ ሲሆን ግን በልታ አትጨርሰውም። የአይጧ ቁጥር ደግሞ የሚወሰነው በኦክ ፍሬ ነው። ኦክ በአንዳንድ ዓመት ፍሬውን ያዘንባል፣ በሌላ ዓመት ምንም አይሰጥም። ፍሬ የጠፋበት ዓመት አይጥ ይራባል፣ አይጥ ሲያንስ አባጨጓሬው ያመልጣል። በ1990ዎቹ ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ተመራማሪዎች አይጦችን ከጫካ አውጥተው ሲያዩ የእሳት እራቱ ጨመረ።

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄ ነው። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ግሬግ ድዋየርና ባልደረቦቹ 2004 ላይ በሽታውንና አዳኙን አንድ ላይ ሂሳብ ውስጥ ሲያስገቡ በጫካው የሚታየው ያልተስተካከለ አመጣጥ ተገኘ። በሽታው ከላይ ይቆርጠዋል፣ አይጧ ከታች ትይዘዋለች፣ መሐል ላይ የአየሩ ሁኔታ አለ። ለዚህ ነው "በየአሥር ዓመቱ ይመጣል" ብሎ ቀን መቁረጥ የማይቻለው። በግምት ከ8 እስከ 10 ዓመት የሚሉ መዛግብት አሉ፣ በደረቅ ቦታ ደግሞ በ5 ዓመትም ይመለሳል።

ቫይረሱ ወይም ፈንገሱ ለሰው፣ ለውሻ፣ ለወፍ ይተላለፋል?

ቫይረሱ አይተላለፍም። ይህን ዓይነት አባጨጓሬ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሌሎች ቢራቢሮዎችን እንኳ አይነካም። ፈንገሱም ሰውና እንስሳ አይዝም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከፀጉሩ ነው፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ሽፍታ ያወጣል። ልጆች በእጃቸው እንዳይነኩት፣ እናንተም ጓንት አድርጉ።

መድኃኒት ላስረጭ?

እኔ የምለው፣ መጀመሪያ እንቁላሉን እዩ። ክረምት ላይ ግንዱ ላይ ያለው የእንቁላል ክምር ትልቅ ከሆነ ቁጥሩ እያደገ ነው። ትንንሽ ከሆነ ያለፈው ዓመት ተርበዋል ወይም ታመዋል፣ በሽታው ሥራውን ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ ገንዘብ አውጥቶ ማስረጨት ብዙም አይጠቅምም።

በብዛት የሚረጨው ቢቲ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ለሰው አደጋ የለውም፣ ግን ያንን ቅጠል የሚበላ ሌላውን አባጨጓሬም ይገድላል፣ ቢራቢሮ የሚሆነውንም ጭምር። ከቫይረሱ የተሠራ ጂፕቼክ የሚባልም አለ፣ 1978 ላይ ነው የተፈቀደው። የሚሠራው አባጨጓሬ እያረቡና እያስያዙ ስለሆነ ውድና ጥቂት ነው፤ በዋናነት ብርቅ ቢራቢሮ ባለበት ጫካ ላይ ነው የሚጠቀሙበት።

"ሌላ ጠላት አምጥተን እንልቀቅበት" የሚሉም አሉ። 1906 ላይ ከአውሮፓ አንድ ዝንብ ለዚሁ መጥታ ተለቀቀች። ከ100 በላይ የሌሎች ነፍሳት ዝርያዎችን ታጠቃለች፣ የአገሩን ትልልቅ ውብ የሐር የእሳት እራቶች ክፉኛ ጎድታለች። አንዱን ብቻ የሚይዝ በሽታ ምን ያህል ውድ ነገር እንደሆነ የገባኝ ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው።

ዛፌ ይሞታል?

ጤነኛ ኦክ ወይም ሜፕል አንድ ጊዜ ቢበላ ጁላይ ላይ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሁለት ሦስት ዓመት በተከታታይ ከተበላና ድርቅ ከጨመረበት ሊሞት ይችላል። ጥድና ሄምሎክ ግን ሙሉ በሙሉ ከተበሉ በአንድ ዓመትም ይሞታሉ። በደረቅ ጊዜ ዛፉን ውሃ አጠጡት፣ ማዳበሪያ አትጨምሩበት።

ሌላ አገርም እንዲህ ነው?

ብዙ ቦታ። በምዕራብ አሜሪካ ዳግላስ ፈር የሚባለውን ዛፍ የሚበላ ሌላ አባጨጓሬ አለ፣ ፈልቶ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ቆይቶ በራሱ ቫይረስ ያልቃል። ካናዳ ውስጥ ጁዲት ማየርስ የምትባል ተመራማሪ ድር እየሠራ በኅብረት የሚኖር አባጨጓሬን ለአሥርት ዓመታት ተከታትላ ተመሳሳይ ነገር አግኝታለች።

የእኛ አገር ተምችስ?

ይህን ሐበሻ ሁሉ ይጠይቀኛል፣ ልክም ነው። ተምችም የእሳት እራት ልጅ ነው። የጫካ ሳይሆን የሣርና የሰብል ነው፣ ግን የራሱ የሆነ የዚሁ ቤተሰብ ቫይረስ አለው። ችግሩ ቫይረሱ ዘግይቶ መድረሱ ነው፤ ጤፉና በቆሎው ከተበላ በኋላ ተምቹ ቢሞት ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል? ለዚህ ነው ታንዛኒያ ውስጥ ቫይረሱን ሰብስቦ ገና በጅምሩ መርጨት የተሞከረው።

የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው። ተምች ብቻውን ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፣ ተጨናንቆ ሲያድግ ይጠቁራል። ጥቁሩ ቫይረሱን የበለጠ ይቋቋማል። መጨናነቅ በሽታ እንደሚያመጣ ሰውነቱ ቀድሞ ያወቀ ይመስል ይዘጋጃል። 2017 ላይ ኢትዮጵያ የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም ሌላ ዝርያ ቢሆንም የራሱ ቫይረስ አለው።

አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ምን ይሆናል?

እኔን የሚያሳስበኝ ፈንገሱ ነው። ፀደዩ ከደረቀ እሱ አይሠራም፣ ቫይረሱ ደግሞ አባጨጓሬው በጣም እስኪበዛ ይጠብቃል፣ በዚያ መሐል የሚበላው ቅጠል ነው። 1981 ላይ፣ ፈንገሱ በጫካው ከመታየቱ በፊት፣ በአንድ ዓመት ብቻ ወደ 13 ሚሊዮን ኤከር ጫካ ተበልቶ ነበር። ከ1989 ወዲህ ያን የሚያህል አላየንም።

የሞተውን አባጨጓሬ ምን ላድርገው?

ግድግዳና በረንዳ ላይ ያለውን በውሃ እጠቡት። ዛፉ ላይ ያለውን ግን ተዉት። ሲደርቅ ይረግፋል፣ ውስጡ ያለው ስፖር ከዛፉ ሥር አፈር ውስጥ ይገባል፣ የሚቀጥለው እርጥብ ሜይ ሲመጣም ከዚያው ይነሳል።